በየትኛው በር?

ኦስሎ፣ ግሮንላንድ፤ በረካው እየተቀዳ።

ጠያቂዋ፦ ጋሼ፣ እዚህ ቅርባችን ያለው ኦፔራ ቤት ጣሪያው ላይ እንንሸራሸራለን እንጂ ውስጡ እኛን የሚመለከት ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። አሁን ግን «አይዳ» የኢትዮጵያ ልዕልት ታሪክ መሆኑን ሰማሁ። አሜሪካዊቷ ሶፕራኖ ሊዮንታይን ፕራይስ ደግሞ የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ በአይዳ እንድትጀምር ሲጠይቃት እምቢ ብላለች ይባላል። ንቀት አይደለም?

አዛውንቱ፦ አይደለም ልጄ፤ እንዲያውም በጀማሪነቷ ከወሰነችው ሁሉ ብልሁ ይኼ ነው። መጀመሪያ አይዳን እንያት። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምነግርሽ። ቬርዲ ኦፔራውን የደረሰው ለግብፁ ከዲቭ እስማኤል ሲሆን በ1871 ካይሮ ላይ ታየ። ልዕልታችን መድረክ ላይ የምትወጣው ተማርካ፣ የፈርዖን ልጅ ገረድ ሆና ነው። (የከዲቩ ጦር ግን በ1875 ጉንደት፣ በ1876 ጉራዕ ላይ በአፄ ዮሐንስ ተመታ፤ መድረክና ሜዳ ለየቅል ናቸው።) ፕራይስ ደግሞ በ1927 ሚሲሲፒ፣ ሎረል የተወለደች ጥቁር ናት፤ አባቷ እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ይሠራ ነበር፣ እናቷ አዋላጅ ነበረች። በ1955 ቶስካን ሆና በቴሌቪዥን ስትዘፍን አንዳንድ የአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ጣቢያዎች አናስተላልፍም አሉ። ሜትሮፖሊታንም ቢሆን ለጥቁር ዘፋኝ መድረኩን የከፈተው በዚያው ዓመት ነው፤ ለማሪያን አንደርሰን፣ በ57 ዓመቷ፣ ያውም ለጠንቋይ ሚና። ከጠንቋይዋ ቀጥሎ ገረድ ብትመጣ ተመልካቹ ምን ይለምዳል?

ጠያቂዋ፦ ለድሃ ልጅ የቀረበ ማዕድ መግፋት ትዕቢት አይሆንም? እምቢ የማለቱ ምክርም የሙዚቃ መሪው የፒተር ኸርማን አድለር እንጂ የራሷ አይደለም አሉ።

አዛውንቱ፦ ሌላ ማዕድ ባይኖራት ልክ ነሽ፤ እኔም አልፈርድባትም ነበር። ግን ነበራት። አይዳን በ1957 ሳን ፍራንሲስኮ፣ በ1958 ቪየና በካራያን መሪነት፣ በ1960 ሚላን ላ ስካላ ዘፍናታለች። የገፋችው ልዕልቲቱን ሳይሆን በዚያች በር መግባትን ነው። ምክሩ የሌላ ሰው ይሁን፤ ኒው ዮርክ ዳግመኛ ባይጠራት ኪሳራው የማን ነበር? ጥር 27 ቀን 1961 «ኢል ትሮቫቶሬ» ውስጥ ሊዮኖራን፣ የስፔን ወይዘሮ፣ ሆና ገባች፤ ጭብጨባው ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆየ። በዚያው የትርኢት ወቅት እዚያው ቤት አይዳን ዘፈነች። ማንም «ለዚህ ብቻ ነው የምትሆነው» ሊላት አልቻለም።

ጠያቂዋ፦ ከዚያስ ተለያዩ?

አዛውንቱ፦ ከአይዳ ጋር? በ1985 የኦፔራ መድረክን ስትሰናበት ከሚናዎቿ ሁሉ አይዳን መረጠች። በቴሌቪዥን ስለተላለፈ ቅጂው አለ። ከሦስተኛው ክፍል ጀምሪ፤ አባይ ዳር ቆማ አገሬን ዳግም አላይም የምትልበት ነው።