ዝቅ ያለ ቁጥርም ይናገራል

ልጄ፣ ደሴ ላብራቶሪ መመደብሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ጡረታ የወጣ ሰው ሀብቱ ወሬው ነው፤ ይህችን ያዢልኝ።

1. የጉበት ኤንዛይሙ ኤስጂፒቲ 300 ሲገባ ሐኪሙ ራሱ ወደ መስኮትሽ ይመጣል። 5 ሲሆን ግን «ጉበቱ ደህና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ኤንዛይም ያለ ቫይታሚን ቢ6 አይሠራም። ለወራት ደህና ምግብ ያልቀመሰ በሽተኛ ቢ6 ሲያልቅበት ቁጥሩም አብሮ ይወርዳል። የቲቢ መድኃኒቱ አይሶናያዚድም ቢ6ን ያሟጥጣል፤ ፒሪዶክሲን (ያው ቢ6) አብሮ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ወለል ሲነካ ዝም አትበይ፤ «በሽተኛው ይበላል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ።

2. ቁጥሩን ከማመንሽ በፊት ግን ቱቦውን እዪ። አንድ ቀን ከወረዳ በመጣ የሕፃን ናሙና ላይ አልካላይን ፎስፋቴዝ እጅግ ወርዶ አገኘሁት። ይህ ኤንዛይም ዚንክ ይፈልጋል፤ ዚንክ ደግሞ ከተራበ ልጅ ሰውነት ይጠፋል። «ያዝኩት!» ብዬ ውጤቱን ልፈርም ስል ክዳኑን አየሁ፤ ወይን ጠጅ ነው። ለሲቢሲ የሚቀዳበት፣ ኢዲቲኤ ያለበት ቱቦ! ኢዲቲኤ ዚንኩንና ማግኒዚየሙን ይዞ ኤንዛይሙን ሽባ ያደርገዋል። የተራበው ቱቦው ነበር። እስካሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። እንዲሁም ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ተንገላቶ ቀይ ሕዋሱ የፈረሰ ደም የኤስጂፒቲን ወንድም ኤስጂኦቲን ሽቅብ ይሰቅለዋል፤ ዝቅ ያለውን ይሸፍንብሻል። ሴረሙ ከቀላ መልሰሽ አስቀጂ።

3. የሚያድግ ልጅ አልካላይን ፎስፋቴዝ ከአዋቂ ይበልጣል፤ አጥንቱ እየሠራ ነውና። ለአዋቂ «ኖርማል» የሆነው ለሕፃን ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል።

4. ኮሊንስቴሬዝ የሚሠራበት ላብራቶሪ ካገኘሽ ይህን እወቂ፦ ጉበት የሚያመርተው ስለሆነ በረሃብ ይቀንሳል። የተባይ መርዝም ይቀንሰዋል። የቃሉ ወረዳ ገበሬ ታሞ ቢመጣ ስለ ምግቡ ከመጠየቅሽ በፊት ሰሞኑን ምን እንደረጨ ጠይቂው።

5. አልቡሚን ኤንዛይም አይደለም፤ ሆኖም እንደ ረሃብ መለኪያ ይዘውብሽ ይመጣሉ። ግማሹ እስኪታደስ 20 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ኢንፌክሽን ደግሞ በልቶ ያደረውንም ሰው አልቡሚን ያወርዳል። ብቻውን አትመኚው።

6. በ1966 ዓ.ም.፣ በረሃቡ ጊዜ፣ ልጅ ነበርኩ። በደሴ መንገድ ዳር የወደቀውን ሰው ደም የመረመረ አልነበረም፤ ለማየት ዓይን ይበቃ ነበር። በ2014ቱ ጦርነትም የደሴ ሆስፒታል መሣሪያ ተዘርፎ ማሽን የሌለበት ቀን ምን እንደሚመስል አይተናል። የክንድ መለኪያዋ ግን መብራትም ሬጀንትም አትጠይቅም። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ 11.5 ሳንቲ ሜትር ካልሞላ፣ ወይም ሁለቱንም እግሩን በአውራ ጣትሽ 3 ሰከንድ ተጭነሽ ስትለቂ ጉድጓዱ ከቀረ፣ ነርሷን ጥሪ። ተኝቶ ለሚታከመው ኤፍ 75 ወተት የሚጀመረው ያኔውኑ ነው፤ የኤንዛይም ውጤት አይጠበቅም።