ውኃ ሄዶ ሲመለስ አሸዋው ምን ይሆናል?

ክፍላችን ለትምህርታዊ ጉብኝት ወደ ላንጋኖ ሐይቅ በሄደ ጊዜ ጫማችንን አውልቀን እስከ ጉልበታችን ወደ ውኃው ገባን። የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ስለ ሆነ ወለሉ ለዓይን አይታይም፤ እግራችን ግን የሚረግጠውን ያውቅ ነበር። አሸዋው ልሙጥ አልነበረም። እንደ ሽንሽን ቀሚስ ከፍና ዝቅ እያለ ተደርድሮ ነበር።

የፊዚክስ መምህራችን «ይህን ሽንሽን ማን ሠራው?» ብለው ጠየቁን። እኔም ስሜ ሳይጠራ ፈጥኜ፥ «ማዕበሉ ሲያልፍ የተወው ምልክት ነው፤ አሸዋው ግን ከቦታው አይሄድም፤ ውኃው የወሰደውን ያህል ሲመለስ ይመልሰዋልና» ብዬ መለስሁ። ጓደኞቼም አጨበጨቡልኝ። መምህራችን ግን ፈገግ ብለው «እንግዲያው ትምህርት ቤት ስንመለስ አሳዪን» አሉኝ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ሥራ ውጤት ነው።

አስቀድሞ ስለ ማዕበል ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ማዕበል ወደ ዳር ሲገሰግስ ስናይ ውኃው ራሱ የሚጓዝ ይመስለናል። ነገር ግን በውኃው ላይ የተጣለ ቡሽ ብንመለከት፥ ወደ ላይና ወደ ታች፥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያለ ክብ ይሠራል እንጂ ከማዕበሉ ጋር አይነጉድም። ወደ ጥልቁ በወረድን መጠን ይህ ክብ እያነሰ ይሄዳል። የማዕበል ርዝመት የሚባለው ከአንዱ አናት እስከ ሁለተኛው አናት ያለው ርቀት ነው፤ የውኃው ጥልቀት ከዚህ ርዝመት ግማሽ ሲያንስ እንቅስቃሴው ወለሉን ይነካል። በወለሉም አጠገብ ውኃው ወደ ታች ሊወርድ ስለማይችል፥ ክቡ ተጨፍልቆ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መመላለስ ብቻ ይሆናል።

ለሙከራው ርዝመቱ 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመስተዋት ሣጥን ከሳይንስ ክፍል ተዋስሁ። የወንዝ አሸዋ በወንፊት ነፍቼ፥ ደጋግሜ አጥቤ፥ በሣጥኑ ወለል ሦስት ጣት ያህል አነጠፍሁ፤ በላዩም 15 ሳንቲ ሜትር ውኃ ሞላሁበት። ሣጥኑን በሁለት ድቡልቡል እንጨቶች ላይ አስቀምጬ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አወዛውዘው ጀመር። ግማሽ ሰዓት ያህል ብደክምም አሸዋው እንደ ተደለደለ ቀረ። ሊረዱኝ የመጡት ጓደኞቼም ሰልችቷቸው ሄዱ። እኔ ግን በልቤ ደስ አለኝ፤ ያልሁት ሆነ ብዬ ደብተሬን ከፈትሁ።

በዚያን ጊዜ ከወንፊት ያመለጠች፥ የባቄላ ፍሬ የምታህል አንዲት ጠጠር አየሁ። በግራና በቀኝዋ አሸዋው ተቦርቡሮ ትንንሽ ጉብታ ሠርቷል። እውነቱን ልናገርና፥ ጠጠሪቱን አውጥቼ ልጥላት እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ነበር። እርስዋ ባትኖር መልሴ ትክክል ሆኖ ይቀር ነበርና። ነገር ግን አፍሬ ተውኋት፤ ማወዛወዙንም ቀጠልሁ። ከአንዱ ጉብታ አጠገብ ሌላው እየተወለደ፥ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሣጥኑ መካከል በሙሉ ሽንሽን ሆነ።

ከአንዱ ጉብታ አናት እስከ ሌላው ብለካው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆነ። የውኃውን ምልልስ ለማወቅ የተነከረ የሻይ ቅጠል ጣልሁ፤ ቅጠሉ በወለሉ አጠገብ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል እየሄደ ይመለስ ነበር። ምልልሱ እጅግ ካልበዛ የሽንሽኑ ስፋት የምልልሱን ሁለት ሦስተኛ ገደማ እንደሚሆን ተመራማሪዎች ደርሰውበታል፤ የእኔም ሣጥን ከዚህ አልራቀም።

ምክንያቱን ለማየት በቀጭን የመስተዋት ቱቦ ሰማያዊ ቀለም በጉብታው ሥር ጠብ አደረግሁ። ውኃው ወደ ቀኝ ሲሄድ ጉብታውን ይሻገርና በስተቀኝ ባለው ከለላ እንደ እንዝርት ይሽከረከራል። ይህ አዙሪት ነው። በአዙሪቱ ሥር ያለው ውኃ ወደ ጉብታው ስለሚመለስ አሸዋውን ከሸለቆው ወደ አናቱ ይጠርገዋል፤ ጉብታው የሚያድገው በዚህ ነው። ከአሸዋውም ከፊሉን አንሥቶ በሆዱ ይይዛል። ውኃው ወደ ግራ ሲመለስ አዙሪቱ ከነአሸዋው ተነቅሎ በአናቱ ላይ ወደ ግራ ይወረወራል፤ በግራ በኩልም ሌላ አዙሪት ይተካል።

የቻርልስ ዳርዊን ልጅ ጆርጅ ዳርዊን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1883 ዓ.ም. ይህን አዙሪት በቀለም መርምረው ጽፈዋል። ከእርሳቸው በኋላ ነገሩን አጥብቀው ያጠኑት እንግሊዛዊቱ ወይዘሮ ኸርታ ኤርተን ናቸው። በ1902 ሮያል ሶሳይቲ ለተባለው የሳይንስ ማኅበር አባልነት ቢታጩም ባለ ትዳር ሴት ናቸው ተብለው ሳይገቡ ቀሩ። በ1904 ግን ስለዚሁ የአሸዋ ሽንሽን የጻፉትን በማኅበሩ ፊት ቆመው አነበቡ፤ በዚያ መድረክ የራስዋን ጽሑፍ በማንበብ የመጀመሪያዪቱ ሴት እርሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝን ልንገራችሁ። በሣጥኔ ውስጥ የግራውና የቀኙ ምልልስ እኩል ነበር። በሐይቅና በባሕር ዳርቻ ግን ውኃው ጥልቀት ሲያጣ የማዕበሉ አናት ውኃውን ለአጭር ጊዜ በኃይል ወደ ዳር ይገፋዋል፤ የማዕበሉ ዝቅታ ደግሞ ለረጅም ጊዜ በዝግታ ይመልሰዋል። ኃይለኛው ግፊት ትልቁን አዙሪት ይፈጥራል፤ ይህም ብዙ አሸዋ ይጭናል። ይሁን እንጂ ይህ ሸክም የሚለቀቀው ውኃው ፊቱን ካዞረ በኋላ ነው። ስለዚህ ማዕበሉ ወደ ዳር ሲገፋ አሸዋው ወደ ጥልቁ ሊሄድ ይችላል! በወለሉ ላይ እየተንከባለለ የሚሄደው አሸዋ ወደ ዳር ያዘነብላል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚያሸንፍ የአሸዋው ድቃቄና የሽንሽኑ ቁመት ይወስናሉ። ማዕበሉ እጅግ ሲበረታ ደግሞ ሽንሽኑ ራሱ ተጠርጎ ወለሉ ልሙጥ ይሆናል። ወደብ የሚሠሩ መሐንዲሶች አሸዋው ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ይህን ሁሉ መመርመር ግድ ይሆንባቸዋል።

እናቴ እህል በሰፌድ ስታንገዋልል ሰፌዱ ከእጇ ሳይወጣ ይመላለሳል፤ ጠጠሩ ግን ለብቻው ይሰበሰባል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ እያየሁ «የሚመላለስ ነገር ምንም አያንቀሳቅስም» ማለቴ ይገርመኛል።

በክፍል ፊት ቆሜ «ተሳስቼ ነበር» ስል ማንም አላጨበጨበም፤ ሣጥኑን ለማየት ግን ሁሉም ተጋፉ። እናንተም መሞከር ብትፈልጉ አንድ ሳፋ፥ ጥቂት አሸዋና ውኃ ይበቃችኋል። ጠጠር ካገኛችሁ አትጣሉ።