የሸንተረር መንገድ

ጋዝጊብላ በዋግ ኽምራ የሚገኝ ተራራማ ወረዳ ነው። በዋግ አማርኛም ኽምጣኛም ይነገራል። በዚህ አገር በእግር የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ሸንተረሩን ይዞ ይጓዛል። ለምን? መሬቱ በገደልና በሸለቆ የተቆራረጠ ስለሆነ ነው። እያንዳንዱን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ጉልበት ይጨርሳል። ሸንተረሩ ግን አንድ ጊዜ ከተወጣ ሩቅ ያስኬዳል። ሆኖም ከነፋስ፣ ከፀሐይና ከመብረቅ የሚከልል ነገር የለውም። እስቲ አንድ ቀን በሸንተረር ላይ ስንጓዝ የገጠመንን እንንገራችሁ።

ወሩ ሐምሌ ነበር። አምስት ሆነን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሣን። ስንቃችን በሶና ቆሎ ነው። ሁላችንም ዱላ፣ ጋቢና ውኃ ይዘናል። ከመካከላችን አንዱ ግን ሌላም ነገር ይዞ ነበር፤ ለታመመ የወንድሙ ልጅ የታዘዘ መድኃኒት።

ጎሕ ሲቀድ ዳገቱን ጨረስን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ቆላ ያላበው ሰው ደጋ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል። አየሩም ይሳሳል። 3,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛው ያህል ብቻ ነው። ደረት ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሰው ለዚህ ነው። በዳገት የሚሮጥ ቶሎ ይደክማል፤ ቀስ ብሎ የማያቋርጥ ግን ይደርሳል።

ረፋዱ ላይ አገሩ ወለል ብሎ ታየን። በደቡብ በኩል የላስታ ተራሮች አሉ። ከእነሱ አንዱ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ተከዜም የሚነሣው ከላስታ ነው። ከዚያም ወደ ሱዳን ወርዶ አትባራን ይቀላቀላል፤ በመጨረሻም ወደ ናይል ይገባል።

በእነዚህ ተራሮች መንገድ ሰው የሚሄደው ለገበያና ለዘመድ ጥየቃ ብቻ አልነበረም። በ1977 ዓ.ም. በረሃቡ ጊዜ ከዋግና ከላስታ ብዙ ቤተሰብ ኮረም ወደሚገኘው መጠለያ በእግሩ ተጉዟል። ብዙዎች በመንገድ ቀሩ። የደረሱትንም የሌሊቱ ብርድ ጎዳቸው። ስለዚህ የተራራን ጠባይ ማወቅ ለእኛ ትርፍ እውቀት አይደለም።

ወደ 7 ሰዓት ገደማ ደመናው ጠቆረ። ሩቅ ነጎድጓድ ተሰማ። ከፊታችን አንድ ረጅም ራቁት ሸንተረር ቀርቶናል፤ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። መድኃኒት የያዘው ጓደኛችን፣ «ልጁ በትኩሳት እየነደደ ነው፤ እንሩጥና እንለፈው!» አለ። ማን ይፈረድበታል?

ፍየል የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ከበታች ሆነው ጠሩን። «ኧረ ልጆቼ! ወዴት ነው? ሰማዩን አታዩም እንዴ? ውረዱ!»

«አባባ፣ የታመመ ልጅ አለብን» አልናቸው።

«እናንተ ከሞታችሁ መድኃኒቱን ማን ያደርስለታል?» አሉን።

ያኔ መቁጠር ጀመርን። ብልጭታ ይታያል ወዲያው፤ ድምፁ ግን በአንድ ሰከንድ የሚሄደው 340 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ 3 ሰከንድ ማለት 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ 15 ቆጠርን፤ ጥቂት ቆይቶ 9 ሆነ። መብረቁ ከ5 ኪሎ ሜትር ወደ 3 ኪሎ ሜትር ቀርቧል ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ መቁጠሩም ዘግይቶብን ነበር። 30 ሳይሞላ ነጎድጓድ ከተሰማ ወዲያው መውረድ ይገባል።

ጓደኛችን እያኮረፈ አብሮን ወረደ። ሽማግሌው ቤት አሳደሩን፤ እሳት አንድደው እንጀራ አቀረቡልን። ዝናቡና መብረቁ እስከ ማታ አላባራም። በማግስቱ ስናልፍ በሸንተረሩ ላይ ብቻውን የቆመ አንድ ጥድ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ አገኘነው። ማናችንም ቃል አልተናገርንም።

ልጁ አንድ ሌሊት ጨምሮ በትኩሳት ተሠቃየ። መድኃኒቱ ግን ደረሰለት።

እንግዲህ ይህን እናስታውስ። ሸንተረርን በጠዋት እንለፍ፤ በክረምት ደመናው የሚከብደው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። መብረቅ ከፍ ብሎ የቆመውን ይመታል፤ በራቁት ሸንተረር ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ሰው ራሱ ነው። ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር አንጠለል። መውረድ ካልተቻለ ተራርቀን፣ እግራችንን ገጥመን ቁጢጥ እንበል እንጂ መሬት ላይ አንተኛ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ እንቆይ።

ጥያቄዎች

1. የእግር መንገድ ብዙ ጊዜ ሸንተረርን የሚከተለው ለምንድን ነው?
2. ብልጭታ ከታየ ከ12 ሰከንድ በኋላ ነጎድጓድ ቢሰማ መብረቁ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል?
3. እናንተ መድኃኒቱን ይዛችሁ ቢሆን ኖሮ ምን ታደርጉ ነበር? ተወያዩበት።