አብሮ አደጎችን ይዞ ሳነቴ ለመውጣት

ከሠላሳ አምስት ዓመት ዕድሜ በኋላ አብሮ አደግ የሚገናኘው ወይ ሠርግ ላይ ነው ወይ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ። አንዱ «እንዲህማ አንጠፋፋ፤ አንድ ሰሞን ወጣ ብለን እንደር» ይላል፣ ሌላው «በጣም እንጂ!» ይላል፣ ከዚያ ቀጣዩ ለቅሶ ይደርሳል። ይህ መመሪያ ወሬውን ከድንኳኑ አውጥቶ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ሳነቴ አምባ ላይ ማድረስ ለሚፈልግ ሰው ነው።

ሰው ከአምስት አይብለጥ፤ አንድ ላንድክሩዘር ከነሹፌሩና ከነጓዙ የሚችለው ያንኑ ነው። ለጉዞው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር 15 ባለው ጊዜ ውስጥ አራት ቀን ቁረጡ። ዝናቡ አባርቷል፣ ጾመ ነቢያትም ገና አልገባም። ክርስቲያንና ሙስሊም የተቀላቀላችሁ ከሆነ ግን የሥጋውን ነገር ተዉት፤ ሽሮ፣ እንቁላልና ቱና ሁሉንም ያግባባል። ለባለቤትህ ከሁለት ወር በፊት ንገራት።

ገንዘቡ ጋ ስትደርሱ ቀስ በሉ። ጉዞው የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ዴስክ የተማሩ ልጆች አርባ ሲሞላቸው አንዱ አስመጪ፣ አንዱ መምህር፣ አንዱ ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣ፣ አንዱ ሥራ የለቀቀ ሆነው ይገናኛሉ። እንዲህ ባለ ቡድን ውስጥ «እዚያው እንተሳሰባለን» የሚባል ነገር አይሠራም፤ ማንም ስለማይተሳሰብ። ጎባ ከተማ ነዳጅ ማደያ ላይ አስመጪው «በሞቴ!» ብሎ ቀድሞ ይከፍላል፣ ዲያስፖራው ሆቴሉን ይዘጋል፣ መምህሩ አንገቱን ደፍቶ ማንም ያልደወለበትን ስልክ ይነካካል።

በሚቀጥለው ዓመት ያ መምህር «ሥራ በዛብኝ» ይላል። አትመነው። ወንድ ልጅ ለጓደኛው «ብር የለኝም» ከሚል «ወገቤን አሞኛል» ቢል ይቀለዋል። በሁለተኛው ዓመት መጠየቅ ትተዋላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ የምታገኙት ለቅሶ ላይ ነው። የከፈለለት ሰው ክፉ አላሰበም፤ ያራቀው ግን ያው ደግነት ነው። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት «በሞቴ» የተከለከለ ይሁን። እየሳቃችሁ ከልክሉት፣ ግን ከልክሉት።

መድኃኒቱ እቁብ ነው፣ ዕጣ የማይወጣበት እቁብ። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ስምንት ወር አለላችሁ። ልኩን የሚወስነው ኪሱ የሳሳው ሰው ነው፤ ሰው በተሰበሰበበት ግን እንዳትጠይቀው። ለብቻው ደውለህ «ስንት ስንት እናድርገው?» በለው፤ የጠራልህን ቁጥር የራስህ ሐሳብ አስመስለህ ለሌሎቹ አቅርብ። ገንዘብ ያዡም እሱ ይሁን። ነዳጁንም፣ የፓርኩን መግቢያም፣ የፈረሱን ኪራይም የሚቆጥረው የእሱ እጅ ከሆነ ጋባዥና ተጋባዥ የሚባል ነገር አይኖርም። ብሩ ካልበቃ ከአራቱ ቀን አንዱን ቀንሱ፣ ወይም መኪናውን ትታችሁ በአውቶቡስ ሂዱ፤ ጉድለቱን አንድ ሰው እንዲሞላ ግን በፍጹም አትፍቀዱ። ዲያስፖራው የግድ እጁን ካልዘረጋሁ ካለ ከወዲያ የመኝታ ከረጢቶች ይዞ ይምጣ።

የቀረው ቀላል ነው። በመነሻችሁ ሳምንት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ፣ ከአዲስ አበባ በማለዳ ውጡ፤ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ዲንሾ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝገቡ፣ መሪና የጭነት ፈረስ እዚያው ያዙ። የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ እደሩ። ቦታው ራሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሳያርፍ በቀጥታ ሳነቴ ላይ የወጣ ሰው ሌሊቱን ራሱን ይዞ ነው የሚያድረው።

በማግስቱ በወብ ሸለቆ ወደ ፊንጫ ሀበራ በእግር ሂዱ። እዚያ ባለው ዋሻ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ ከ40 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ሰዎች ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉበት ነበር፤ የእናንተ ሽሮ አያሳፍርም ማለት ነው። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተራመዱ፣ ባረፋችሁ ቁጥርም ጥንዱን ቀያይሩ። ወንድ ፊት ለፊት ተቀምጦ የማያወጣውን ጎን ለጎን ሲሄድ፣ ዓይኑ መንገዱ ላይ ሆኖ፣ ያወራዋል። የፍቺውንም የዕዳውንም ነገር የምትሰማው አቀበቱ አልቆ ሜዳው ሲጀምር ነው። ስትሰማ ምክር አትቸኩል።

ጉልበቱ እምቢ ያለው ጓደኛ አይቅር። ከጎባ የሚነሳው መንገድ ሳነቴን ስለሚያቋርጥ በመኪና 4,377 ሜትር ላይ ያለው ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ ይደርሳል። በዓለም ላይ የቀረው ቀይ ቀበሮ ከ500 አይበልጥም፣ ከግማሽ በላዩም ባሌ ነው፤ ካገኛችሁት ከመኪና ሳትወርዱ እዩት። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። እኔ ከመኝታ ከረጢቱ በላይ ጋቢ እደርባለሁ፣ ለመንገድ ደግሞ ከብስኩት ሁሉ በሶ ይበልጥብኛል። የአስታ ዛፍ ቆርጦ ማንደድ ነውር ነው፤ ቡታጋዝ ያዙ።

ስትመለሱ ገንዘብ ያዡ የቀረውን ብር ሁሉም ፊት ይቁጠር። ሃምሳ ብርም ብትሆን አትከፋፈሏት፤ የመጪው መጋቢት እቁብ መነሻ ትሁን።