በረዶ አገር ያሉ ልጆቻችን

ለአርሲ ደገኛ ብርድ ምን እንደሆነ መጽሐፍ አያስተምረውም። የጭላሎ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር ያልፋል። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጩ ሲወርድ የመስኩ ሣር ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ያበበው ባቄላ እሳት እንደ ለበለበው ይጠቁራል። ታዲያ ብርድን እንዲህ የምናውቅ ሰዎች ስለ ሌላ አገር ብርድ ለምን እናነባለን?

ምክንያት አለን። ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ኖርዌይ በሚባል በሰሜን አውሮፓ ባለ አገር ይኖራሉ። ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ ፎቶግራፍ ይልካሉ። በፎቶግራፉ ላይ ነጭ ሜዳ፣ ወፍራም ካፖርት፣ የሚስቅ ፊት ይታያል። አንዳንዱም ፓሪስ ከተማ ካለው ረጅም የብረት ግንብ ሥር ቆሞ ይታያል። ጎረቤት ይህን ያይና «እኔስ በሬዬን ሸጬ ልጄን ብልከው ምን ይለኛል?» ይላል። ፎቶግራፍ ግን ሰው በሳቀበት ሰዓት የሚነሳ ነገር ነው። በሬው ከመሸጡ በፊት ስለዚያ አገር ማንበብ ይጠቅማል። ደብዳቤውንም ቢሆን ዛሬ አንባቢ ፍለጋ ሳትሄዱ ራሳችሁ ታነቡታላችሁ።

በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፈናል።

የሰሜን ሰዎች ለአሰላ እንግዳ አይደሉም። በ1960 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው በአጭሩ ካዱ ይባል የነበረውን የጭላሎ የእርሻ ልማት አሰላ ላይ አቋቁመው ነበር። ስዊድን የኖርዌይ ጎረቤት ናት፤ ብርዳቸውም አንድ ነው። የስዊድን ባለሙያዎች ከነቤተሰባቸው እየመጡ እዚህ ኖሩ። ምርጥ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያና የተዳቀሉ ጊደሮች በዚያን ጊዜ ተስፋፉ። ነገር ግን መሬቱ የባለርስት ነበር። ስንዴው ትርፍ ማምጣት ሲጀምር ብዙ ባለመሬት ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን አስነሳው። የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው ከዚያ በኋላ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው። ይህን ሽማግሌዎቻችን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል። እኛ ልናነሳው የፈለግነው አንድ ነገር ነው፤ ፈረንጆቹ አሰላ ሲኖሩ ቤት፣ መኪናና ደመወዝ ተዘጋጅቶላቸው ነው። የእኛ ልጅ ኖርዌይ ሲገባ ሻንጣውን ብቻ ይዞ ነው፤ ያውም ሻንጣ ካለው።

ኖርዌይ ጠባብና ረጅም አገር ናት። በአንድ በኩል ባሕር፣ በሌላ በኩል ተራራ ነው። ሕዝቧ 5 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ነው። ዋና ከተማዋ ኦስሎ ትባላለች። የሚታረሰው መሬት ከመቶ እጅ ሦስት እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ሌላው ድንጋይ፣ ደንና በረዶ ነው። ገብስ፣ አጃ፣ ስንዴና ድንች ያበቅላሉ፤ ሰብሉ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ላም ክረምቱን በሙሉ በረት ውስጥ ታስራ የደረቀ ሣር ትበላለች። ቀድሞ ዓሣ አጥማጅና ድሃ ገበሬ የበዛባት አገር ነበረች። በ1962 ዓ.ም. ከባሕሩ ሥር ብዙ ነዳጅ ዘይት ከተገኘ ወዲህ ሀብታም ሆነች።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላት እንዳያሳስቱን እንጠንቀቅ። አንደኛው «ክረምት» የሚለው ነው። ለእኛ ክረምት የዝናብ ጊዜ፣ ሰኔና ሐምሌ ነው። የእነሱ ክረምት ግን የብርድ ጊዜ ሆኖ የሚውለው በእኛ በጋ፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። ልጃችሁ በታኅሣሥ «ክረምቱ ገባ» ብሎ ቢጽፍ አልተሳሳተም። ሁለተኛው «በረዶ» ነው። እኛ በረዶ የምንለው እንደ ጠጠር እየወረደ ገብስ የሚያረግፈውን ነው። የእነሱ በረዶ ግን ድምፅ የለውም። እንደ ባዘቶ እየተንሳፈፈ ይወርዳል፤ ሳይቀልጥ ይከመራል፤ ጉልበት ድረስ፣ አንዳንዴም ደረት ድረስ ይደርሳል። ውሃ የሚረጋው የሙቀት መለኪያው ዜሮ ላይ ሲደርስ ነው። ኦስሎ ክረምቱን ብዙ ቀን ከዜሮ በታች ትውላለች። በአገሪቱ ከሁሉ የባሰው ብርድ የተመዘገበው በ1878 ዓ.ም. ካራሾክ በምትባል የሰሜን ቦታ ሲሆን፣ ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ወርዶ ነበር።

ከብርዱ ይልቅ ሰውን የሚከብደው ግን ጨለማው ነው። በእኛ አገር ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እኩል ለመሆን ምንም ያህል አይቀራቸውም። ኦስሎ ግን በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ነው፤ 9 ሰዓት አለፍ ሲል ትጠልቃለች። ቀኑ ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በሰሜን ያለችው ትሮምሶ የምትባል ከተማማ ሰባት ሳምንት ያህል ፀሐይ ከነጭራሹ አትወጣባትም። በሰኔ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ኦስሎ ላይ ቀኑ ወደ 19 ሰዓት ይረዝማል፤ ትሮምሶ ላይ ፀሐይ ሌሊቱንም አትጠልቅም።

ይህ እንዴት ይሆናል? ማታ ኩራዝ አብሩና አንድ ድንች በእንጨት ሰክታችሁ በፊቱ አሽከርክሩ። ኩራዙ ፀሐይ፣ ድንቹ ምድር ነው። እንጨቱን ትንሽ አዘንብሉት፤ ምድርም ያዘነበለች ናትና። የድንቹ ወገብ ሲዞር ብርሃንና ጨለማን እኩል ይካፈላል። ኢትዮጵያ ያለችው ወደ ወገቡ ነው። የላይኛው ጫፍ ከኩራዙ ዘወር ብሎ ካዘነበለ ግን ድንቹ ቢሽከረከርም ጫፉ ብርሃን አያገኝም። ኖርዌይ ወደዚያ ጫፍ የተጠጋች አገር ናት። ምድር በግማሽ ዓመት ወደ ኩራዙ ሌላ ጎን ስትሻገር ያው ጫፍ በተራው ወደ ብርሃን ያዘነብላል።

ጨለማው ለጤናም ጣጣ አለው። የሰው አጥንት እንዲጠነክር ቆዳ ከፀሐይ ብርሃን የሚሠራው ቪታሚን ዲ የሚባል ነገር ያስፈልጋል። የዚያ አገር የክረምት ፀሐይ ደካማ ናት፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ቪታሚኑን ለመሥራት የበለጠ ፀሐይ ይፈልጋል። ስለዚህ የእኛ ሰዎች፣ በተለይ እርጉዞችና ሕፃናት፣ ክረምቱን የዓሣ ጉበት ዘይት ወይም ቪታሚኑን በኪኒን እንዲወስዱ ይመከራሉ። አገሬዎቹም የዓሣ ጉበት ዘይት በማንኪያ ይጠጣሉ። ሽታው ደስ አይልም።

እንግዲህ የአገሩ ሰው ይህን ብርድ ፈርቶ እቤት ይቀመጣል ብላችሁ አታስቡ። መጥፎ የሚባል አየር የለም፣ መጥፎ ልብስ እንጂ፤ ይላሉ። እሑድ እሑድ ሽማግሌም ሕፃንም ጫካ ይወጣል። በእግራቸው ላይ ሁለት ረጃጅም ቀጫጭን ሳንቃ ያስራሉ፤ በሁለት እጃቸው ምርኩዝ ይይዛሉ፤ በበረዶው ላይ እየተንሸራተቱ ይሄዳሉ። ይህ ስኪ ይባላል። የእኛ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞክረው የሚያሳልፈው አብዛኛውን ጊዜ በመነሳት ነው፤ ወድቆ መነሳት ማለታችን ነው። ኢትዮጵያዊ አይችለውም ማለት ግን አይደለም። ሮቤል ተክለማርያም የሚባል አዲስ አበባ የተወለደ ኢትዮጵያዊ በ1998 ዓ.ም. ጣሊያን ቱሪን ላይ፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ካናዳ ቫንኩቨር ላይ በተደረጉት የክረምት ኦሊምፒክ ጨዋታዎች በ15 ኪሎ ሜትር ስኪ ለኢትዮጵያ ተወዳድሯል። በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው።

ስኪ የከበደው ሰው ልጆቹን ይዞ በሸርተቴ ይጫወታል። ኦስሎ ውስጥ የከተማው ባቡር እስከ ተራራው ጫፍ ይወጣል። ሰው ሸርተቴውን በባቡሩ ይጭንና ጫፉ ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ የበረዶ መንገድ ቁልቁል ይንሸራተታል፤ ታች ሲደርስ መልሶ በባቡር ይወጣል። የሚለበሰው ከሥር የሱፍ ልብስ፣ ከላዩ ሌላ ሱፍ፣ ከሁሉ በላይ ነፋስ የማያስገባ ነው። ጋቢ አያዋጣም፤ ጥጥ ከረጠበ ሰውነት ያቀዘቅዛል። የበግ ፀጉር ግን ረጥቦም ይሞቃል። ይህን የደጋ እረኛ ያለ ፈረንጅ ምክር ያውቀዋል።

እኛን ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመን የመሬታቸው ሕግ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው ሕጋቸው ማንኛውም ሰው ባልታረሰ መሬት፣ በደንና በተራራ ላይ በነፃ እንዲሄድ ይፈቅዳል። የመሬቱ ባለቤት «ከዚህ ውጣ» ሊለው አይችልም። በእርሻ ማሳ ላይ መሄድ ክልክል ነው፤ ሆኖም ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ መሬቱ ከረጋ ወይም በረዶ ከሸፈነው በማሳውም ላይ ማለፍ ይቻላል። ትናንት የገባ ስደተኛም ከባለመሬቱ እኩል ይህ መብት አለው። ጭሰኝነትን ያየ ሰው እንዲህ ያለውን ሕግ ሁለት ጊዜ ቢያነበው አይፈረድበትም።

ወደ ልጃችን ኑሮ እንመለስ። የስደተኛነት ፈቃድ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚገባው ትምህርት ቤት ነው። ከ1996 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ የአገሩ ሕግ ይህንን ያዛል፤ እየተማረም ለኑሮ የሚሆን ገንዘብ ይቆረጥለታል። የኖርዌይ ፊደል 29 ነው። ከእኛ ፊደል ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው፤ ግን አንዱ ፊደል በአንድ ቦታ አንድ ድምፅ፣ በሌላ ቦታ ሌላ ድምፅ ይሰጣል። የልጆች አባት የሆነ ሰው፣ አገሩ ላይ አስተማሪ የነበረ ሰው ሳይቀር፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ፊደል ይቆጥራል። በጎልማሳነት ፊደል መቁጠር ምን እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ጣት እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ፣ ልጅ እንዳያይ እንዴት እንደሚታፈር።

ከዚያ በኋላ ሥራ ነው። ብዙዎቹ በጽዳት፣ በአውቶቡስ ነጂነት፣ በምግብ ቤት፣ ሽማግሌዎችን በመጦር ይጀምራሉ። ደመወዙ ወደ ብር ሲመነዘር ብዙ ነው። ነገር ግን ግብሩ ከባድ ነው፤ ቤት ኪራዩም እንደዚሁ። ግብሩ ተመልሶ ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት ይሆናልና የአገሩ ሰው አያጉረመርምበትም። ልጁ ግን ከዚያ ላይ ለእናቱ ይልካል። «ልጄ ረሳኝ» ከማለታችን በፊት ይህን ሒሳብ ብንሠራው መልካም ነው።

የአውሮፓ ጉዞውስ? ኖርዌይ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም፤ ሕዝቧ በ1965 እና በ1987 ዓ.ም. ድምፅ ሰጥቶ አንገባም ብሏል። ነገር ግን ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ከብዙ የአውሮፓ አገሮች ጋር ድንበር ከፍታለች። ስለዚህ የመኖሪያ ፈቃድና የጉዞ ሰነድ የያዘ ሰው ከሰዓት በኋላ በመርከብ ከኦስሎ ተነስቶ በማግሥቱ ጧት ዴንማርክ ኮፐንሃገን ይደርሳል። በአውቶቡስ ስዊድን፣ በአውሮፕላን ፓሪስና ሮም ይሄዳል። ኢትዮጵያውያን በሐምሌ በተለያዩ የአውሮፓ ከተሞች እየተሰበሰቡ ኳስ ይጫወታሉ፤ እንጀራ ይበላሉ፤ ዘመድ ይጠያየቃሉ።

ወረቀት የሌለው ሰው ግን ከዚህ አንዱንም አያገኝም። ጥገኝነት ጠይቆ የተከለከለ ሰው ሥራ የመሥራት ፈቃድ የለውም። ሌላ አገር ልሞክር ቢል የጣት አሻራው ቀድሞት ይደርሳል፤ መጀመሪያ አሻራ ወደሰጠበት አገር ሊመልሱት ይችላሉ። በጥር 2004 ዓ.ም. የኖርዌይና የኢትዮጵያ መንግሥታት የተከለከሉ ሰዎች ስለሚመለሱበት ሁኔታ ተስማምተዋል። ደላላው ይህን አይናገርም። ደላላው የሚናገረው ስለ ፎቶግራፉ ነው። መንገዱም ሱዳን፣ ከዚያ የሊቢያ በረሃ፣ ከዚያ ባሕር ነው። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ የታረዱትን ወገኖቻችንን አገር ሁሉ አልቅሶላቸዋል።

በሌላ መንገድ ኖርዌይ የደረሱ የአርሲ ልጆችም አሉ። የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሰኔ 1989 ዓ.ም. ኦስሎ ላይ 10,000 ሜትር በ26 ደቂቃ ከ31 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። የበቆጂዋ ጥሩነሽ ዲባባ በግንቦት 2000 ዓ.ም. እዚያው ኦስሎ 5,000 ሜትርን በ14 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሳ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበች፤ ክብረ ወሰኑ ከ12 ዓመት በላይ ቆየ። ሁለቱም የሮጡት ምሽቱ በማይጨልምበት ወቅት ነው።

አንድ ነገር ቀረን፤ ስልክ። የኖርዌይ ሰዓት በክረምታቸው ከእኛ ሁለት ሰዓት፣ በበጋቸው አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ደግሞም እነሱ ሰዓት መቁጠር የሚጀምሩት ከእኩለ ሌሊት ነው። ልጁ «በ7 ሰዓት ሥራ እገባለሁ» ቢል በእኛ አጠራር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለቱ ነው። በታኅሣሥ እናት ጎህ ሲቀድ በ12 ሰዓት ብትደውል እዚያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፤ ልጁ ሰው የሞተ መስሎት ደንግጦ ይነሳል። ማታ ከእራት በኋላ በ3 ሰዓት ብትደውሉ ግን እዚያ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ ከሥራ ገብቶ የጫማውን በረዶ እያራገፈ ታገኙታላችሁ።