ጊታርን ዝቅ አድርጎ መቃኘት፣ በካፖ ከፍ ማድረግ

ይህ ጽሑፍ ስለ ዜና አጻጻፍ አይደለም። በየምሽት ፕሮግራሙ ግን ከመካከላችን አንዱ ጊታር፣ አንዷ ማይክራፎን ይዘው መውጣታቸው አይቀርም። መድረኩ ላይ ችግር ሲፈጠር ደግሞ ጥፋቱ ሁልጊዜ በድምፃዊዋ ይላከካል። «ድምፅሽ ወፍራም ነው» ወይም «አይደርስልሽም» ይባላል። እኔ እንደሚገባኝ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው ጊታሩ ላይ ነው። ለዚህም ነው ስለ ቅኝት እና ስለ ካፖ ለመጻፍ የተነሳሁት።

በአማርኛ «ቅኝት» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። ክር ማጥበቅና ማላላት ቅኝት ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬም ቅኝቶች ናቸው። በክራር ላይ ሁለቱ አይለያዩም፤ ተጫዋቹ ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ሲሻገር ክሮቹን እንደገና ይቃኛቸዋል። ጊታር ግን አንገቱ ላይ ፍሬት ስላለው ማንኛውንም ቅኝት መቃኛውን ሳንነካ በጣታችን ፈልገን እናገኛለን። ታዲያ ብዙዎቻችን ከመደበኛው ቅኝት ሳንወጣ ዓመታት እንቆያለን። መደበኛው ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ሚ-ላ-ሬ-ሶል-ሲ-ሚ ነው። (ድምፆቹን በዶ ሬ ሚ የምጠራቸው በምክንያት ነው፤ በእንግሊዝኛ ፊደላት ብጠራቸው «ኢ» እና «ኤ» በጽሑፍ ላይ ይምታታሉ።)

በውጭው ዓለም ግን ከመደበኛው የወጡ ብዙዎች ናቸው። እንግሊዛዊው ዴቪ ግራሃም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሞሮኮ ደርሶ ከተመለሰ በኋላ ሬ-ላ-ሬ-ሶል-ላ-ሬ የሚለውን ቅኝት እንዳስተዋወቀ ይነገርለታል። ፍላጎቱ ከኡድ ተጫዋቾች ጋር አብሮ መጫወት ነበር። ጊታሪስቶች ይህን ቅኝት በፊደሎቹ ስም ገጣጥመው «ዳድጋድ» ይሉታል። ጂሚ ፔጅ እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው «ካሽሚር» ላይ የተጠቀመው ይህንኑ ነው። ካናዳዊቷ ጆኒ ሚቼል ደግሞ በዘጠኝ ዓመቷ በያዛት ፖሊዮ ግራ እጇ ስለተዳከመ፣ ከባዱን የጣት አያያዝ ለማቅለል ክሮቹን በራሷ መንገድ ትቃኝ ነበር። ሰው ቅኝት የሚቀይረው ለጌጥ ብቻ አለመሆኑን ከእሷ እንረዳለን።

ወደ ካፖ እንምጣ። ካፖ አንገቱ ላይ ተጣብቆ ስድስቱንም ክሮች አንድ ፍሬት ላይ የሚጫን መቆንጠጫ ነው። አንድ ፍሬት ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ሁሉም ክሮች እኩል ግማሽ ድምፅ ከፍ ይላሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መያዝ አለበት፦ ቅኝት ክሮቹ እርስ በርስ ያላቸውን ዝምድና ይወስናል፤ ካፖ ደግሞ ያንን ዝምድና ሳይነካ ሁሉንም አንድ ላይ ወደ ላይ ያነሳቸዋል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። የድምፃዊዋ መነሻ ድምፅ ሲቀየር ቅኝት የሚቀይር ሰው በማያስፈልግ ቦታ ይደክማል።

ድካም ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ባለፈው ዓመት የሽኝት ምሽት ላይ ካፖ ያልነበረው አንድ ጊታሪስት፣ ዘፋኟ «ትንሽ ከፍ ይበልልኝ» ስላለችው ስድስቱንም ክሮች ሁለት ሁለት ግማሽ ድምፅ አጠበቃቸው። አንደኛው ክር ፕሮግራሙ ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ተበጠሰ። ትርፍ ክር ያለው ሰው አልተገኘም፤ የሰው የኪስ ገንዘብ ደግሞ ይታወቃል። ልጅቷ ያለ ጊታር ዘፈነች፤ መሃል ላይ ድምፅዋ ሲሰበር ከኋላ የሳቁ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ አላየኋትም።

ክሩ ለምን ተበጠሰ? ርዝመቱ ሳይቀየር የአንድ ክር ድምፅ ከፍ እንዲል ከተፈለገ ውጥረቱ የሚጨምረው በድምፁ ንዝረት ብዜት ስኩዌር ልክ ነው። ሁለት ግማሽ ድምፅ ከፍ ሲል ንዝረቱ 12 በመቶ ያህል፣ ውጥረቱ ግን 26 በመቶ ያህል ይጨምራል። ያረጀ ቀጭን ክር ይህን ላይችል ይችላል። በተቃራኒው ክሩን ሁለት ግማሽ ድምፅ ብናወርደው ውጥረቱ ወደ 21 በመቶ ይቀንሳል፤ ክሩም የጊታሩ አንገትም ያርፋሉ። ካፖ ግን ድምፁን የሚያነሳው ክሩን በማሳጠር እንጂ በማጥበቅ አይደለም። ስለዚህ የእኔ ደንብ አንድ ነው፦ መቃኛውን ወደ ታች፣ ካፖውን ወደ ላይ።

ምሳሌ ልስጥ። ስላይድ የሚጫወቱ የብሉዝ ሰዎች ከሚወዷቸው ቅኝቶች አንዱ ሚ-ሲ-ሚ-ሶል ሻርፕ-ሲ-ሚ ነው። ከመደበኛው ተነስቶ እዚያ ለመድረስ ሦስት ክሮች መጥበቅ አለባቸው። ነገር ግን አራት ክሮች አላልታችሁ ሬ-ላ-ሬ-ፋ ሻርፕ-ላ-ሬ ብትቃኙና ካፖውን 2ኛው ፍሬት ላይ ብታደርጉ የሚሰሙት ድምፆች እነዚያው ናቸው። ክርም አይበጠስም።

አሁን ዋናው ነገር፣ የራሳችን ቅኝቶች። ዳድጋድን ስሞክረው ያስተዋልኩት ክፍት ክሮቹ ሬ፣ ሶል እና ላ ብቻ መሆናቸውን ነው። አምባሰልን ከሬ ብንጀምረው ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ፍላት ይሆናል። ባቲ ሜጀር ደግሞ ሬ፣ ፋ ሻርፕ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ ሻርፕ ነው። ሁለቱም ሦስቱን ክፍት ድምፆች ይዘዋል። ስለዚህ ዜማውን በቀጫጭኖቹ ክሮች እየተጫወታችሁ ወፍራሞቹን ክፍት ብትተዋቸው ከቅኝቱ የሚወጣ ድምፅ የለም።

ትዝታ ላይ ግን ዳድጋድ አይሠራም። ትዝታ ሜጀር ሬ፣ ሚ፣ ፋ ሻርፕ፣ ላ፣ ሲ ስለሆነ ሶል ውስጡ የለም፤ ሦስተኛው ክር በተነካ ቁጥር ጆሮ ይጎረብጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሦስተኛውን ክር ግማሽ ድምፅ አውርዱት፣ ፋ ሻርፕ ይሆናል። ለትዝታ ማይነር (ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ ፍላት) አንድ ግማሽ ድምፅ ጨምራችሁ አውርዱት፣ ፋ ይሆናል። አንድ ክር ብቻ እየነካን ከአምባሰል ወደ ትዝታ መሄዳችን የክራር ተጫዋች ሥራ ነው ማለት ይቻላል። ለነገሩ ክራር በጆሮ ስለሚቃኝ የፍሬት ልኬት አያስረውም፤ ጊታር ያን የክራር ለዛ ሙሉ በሙሉ ያመጣል አልልም።

እንግዲህ በትዝታ ማይነር ቃኝተናል እንበል፣ መነሻችን ሬ ነው። ወንዱ በሬ ተመችቶት ዘፈነ። ቀጥላ የምትዘፍነው ልጅ ግን ዜማው ሲወርድ ድምፅዋ ይጠፋል፤ ሶል ላይ ብትጀምር ይቀላታል። ካፖ 5ኛው ፍሬት ላይ፣ አለቀ። የጣት አያያዙ ያው ነው፣ ክፍት ክሮቹም ያው ናቸው፣ ልጅቷም አትጨነቅም። «ወፍራም» የተባለው ድምፅ ያን ጊዜ ምን ያህል እንደሚያምር ልምምድ ላይ ሰምቼዋለሁ።

ጥቂት የአሠራር ነገሮች። ክር ስታወርዱ ከሚፈለገው ድምፅ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ከዚያ እያጠበቃችሁ ድረሱበት፤ አለበለዚያ ሲጫወቱበት ይንሸራተታል። ካፖው ከፍሬቱ ብረት ኋላ ተጠግቶ ይቀመጥ እንጂ ብረቱ ላይ አይውጣ፤ በጣም ከራቀ ደግሞ ክሩ ይንጫጫል። ካፖው ከገባ በኋላ ክሮቹ ትንሽ ከፍ ስለሚሉ እንደገና ፈትሹ። በስልክ መቃኛ የምትፈትሹ ከሆነ ካፖው 5ኛ ላይ እያለ ስድስተኛው ክር ሶል ብሎ ቢያሳያችሁ አትደንግጡ፣ ትክክል ነው። ከ7ኛው ፍሬት በላይ የጊታሩ ወፍራም ድምፅ ስለሚጠፋ እኔ አልወደውም። ጆርጅ ሃሪሰን ግን «ሂር ካምስ ዘ ሰን»ን (1969 እ.ኤ.አ.) ካፖውን እዚያው 7ኛው ላይ አድርጎ ስለተጫወተው ክርክሩን ለእናንተ እተዋለሁ።

ካፖ መግዛት ያልቻለ እርሳስና ጠንካራ ላስቲክ ይበቃዋል። እርሳሱን ክሮቹ ላይ አጋድሞ ላስቲኩን ከአንገቱ ጀርባ አዙሮ ማጥበቅ ነው። አንገቱ ጠፍጣፋ በሆነ የናይለን ክር ጊታር ላይ ደህና ይይዛል። የብረት ክር ጊታር አንገት መሃሉ ጎበጥ ስለሚል ግን የዳርና የዳር ክሮች በደንብ ላይጫኑ ይችላሉ።

የቀረችው አንቺሆዬ ናት። ከሬ ስትጀምር ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ሲ ናት፤ ላ የላትም። በዳድጋድ ላይ አምስተኛውንና ሁለተኛውን ክር ግማሽ ግማሽ ድምፅ ስታወርዱ ሬ-ላ ፍላት-ሬ-ሶል-ላ ፍላት-ሬ ይሆናል። ስድስቱን ባንድ ጊዜ ብትመቷቸው እርስ በርስ ይጋጫሉ። አንድ በአንድ እየለቀማችሁ ተጫወቱት፣ ካፖውን ለድምፃዊዋ በሚመች ፍሬት ላይ አድርጉና።