ፍሰቱ ሲቀንስም የማይዋዥቅ የሙቀት መቆጣጠሪያ እንዴት ይስተካከላል?

በእንፋሎት ውሃ የሚያሞቅ ሂት ኤክስቼንጀር ቀን ሙሉ ፍሰት እያለ ያለ ችግር ሲሠራ ይውላል። ማታ አንዱ መስመር ቆሞ ፍሰቱ በግማሽ ሲወርድ ግን ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራል። ኦፕሬተሩ ወደ ማኑዋል ይመልሰዋል፤ ጠዋት ጥፋቱ በሰንሰሩ ይላከካል። ብዙውን ጊዜ ሰንሰሩ ምንም አልሆነም፤ መቆጣጠሪያው የተስተካከለው ለቀኑ ሁኔታ ብቻ ስለሆነ ነው። ለአንድ ቫልቭና ለአንድ ሰንሰር ከባድ ሒሳብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከሁሉ የከፋውን የሥራ ሁኔታ ፈልጎ ለእሱ ማስተካከል ነው።

ከሁሉ በፊት ቫልቩን ይፈትሹ። መቆጣጠሪያውን ማኑዋል ላይ አድርገው ትዕዛዙን በ1 በመቶ፣ በ1 በመቶ ከፍ እያደረጉ የቫልቩ ዘንግ መንቀሳቀሱን በዓይንዎ ይዩ። ሦስት አራት ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ በአንዴ የሚዘል ከሆነ ቫልቩ እየያዘ ነውና ያስጠግኑት። ጌይን በመቀነስ የሚድን ነገር አይደለም፤ መዋዠቁ ዘገም ይላል እንጂ አይጠፋም።

ቀጥሎ የእርምጃ ሙከራ ነው። በማኑዋል ቫልቩን ከ40 ወደ 50 በመቶ ይክፈቱና ሙቀቱ አዲስ ቦታ ይዞ እስኪረጋ ይጠብቁ። ከትሬንዱ ላይ ሦስት ቁጥር ያነባሉ፦ በ1 በመቶ የቫልቭ ለውጥ ሙቀቱ ስንት ዲግሪ እንደጨመረ (የሂደቱ ጌይን)፣ ሙቀቱ መነቃነቅ እስኪጀምር ስንት ሰከንድ እንዳለፈ (መዘግየት)፣ ከዚያ ተነስቶ የጠቅላላ ለውጡ 63 በመቶ ላይ ለመድረስ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ (የጊዜ ቋሚ)። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እርስዎ ግን ሙከራውን በግማሽ ፍሰት ይድገሙት።

ለምሳሌ በሙሉ ፍሰት ጌይኑ 0.4፣ መዘግየቱ 8 ሰከንድ፣ የጊዜ ቋሚው 40 ሰከንድ ሆነ እንበል። በግማሽ ፍሰት ደግሞ 0.8፣ 16 እና 60 ሆነ። ለምን ቢሉ፣ ያው እንፋሎት ግማሽ ውሃ ብቻ ስለሚያገኝ ውሃው እጥፍ ይሞቃል፤ እስከ ሰንሰሩ ያለውን ቱቦ ለመጓዝም እጥፍ ጊዜ ይፈጅበታል። ጌይን ሲጨምርና መዘግየት ሲረዝም ሁለቱም ሉፑን ወደ መዋዠቅ ነው የሚገፉት፤ እዚህ ደግሞ ተያይዘው መጡ።

ለስሌቱ ሲጉርድ ስኮጌስታድ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙትን ደንብ እመርጣለሁ። የመቆጣጠሪያው ጌይን፣ የጊዜ ቋሚው በሂደቱ ጌይንና በመዘግየቱ እጥፍ ተካፍሎ የሚገኘው ነው። የኢንተግራል ጊዜው ከጊዜ ቋሚውና ከመዘግየቱ 8 እጥፍ ትንሹ ነው። እ.ኤ.አ. የ1942ቱ የዚግለርና የኒኮልስ ደንብ ዛሬም በየመማሪያ መጽሐፉ አለ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ውዥቀት የቀደመው ሩብ እስኪሆን የሚፈቅድ ስለሆነ ፍሰቱ ለሚለዋወጥ ሉፕ አልመክረውም።

በሙሉ ፍሰት ቁጥሮች ብናሰላ ጌይን 6.25፣ ኢንተግራል 40 ሰከንድ ይወጣል። ቀን ላይ እጅግ ያማረ ነው፤ ጌይን ማርጂኑ (ሉፑ መረጋጋቱን እስኪያጣ ጌይኑ በስንት እጥፍ መጨመር እንደሚችል) 3 ገደማ ነው። እነዚሁኑ ቁጥሮች ማታ ግማሽ ፍሰት ላይ ብናስገባቸው ግን ማርጂኑ ወደ 1.1 ይወርዳል። የእንፋሎቱ ግፊት ትንሽ ከፍ ቢል ሉፑ ይለቃል ማለት ነው። በግማሽ ፍሰት ቁጥሮች ስናሰላ ደግሞ ጌይን 2.34፣ ኢንተግራል 60 ሰከንድ እናገኛለን። ማርጂኑ ማታ 3፣ ቀን ከ8 በላይ ይሆናል። ቀን ላይ ዘገምተኛ ነው፤ ዋጋው ይህ ነው።

ቁጥሮቹን ሲያስገቡ የመሣሪያውን አሃድ ያረጋግጡ። 2.34 የወጣው በዲግሪ ስለሆነ የትራንስሚተሩ ስፋት ከ0 እስከ 150 ዲግሪ ከሆነ በ1.5 ተባዝቶ 3.5 ይሆናል። ስፋቱ 100 ዲግሪ ሆኖ መሣሪያው በጌይን ፈንታ ፕሮፖርሽናል ባንድ የሚጠይቅ ከሆነ የሚገባው 43 በመቶ ነው፤ እዚያ ቦታ 2.34 ቢጽፉ ጌይኑን 43 አደረጉት። ኢንተግራሉ በደቂቃ ከሆነም የሚገባው 1 እንጂ 60 አይደለም።

ከዚያ አውቶ ላይ አድርገው፣ በግማሽ ፍሰት፣ ሴት ፖይንቱን 2 ወይም 3 ዲግሪ ቀይረው ይመልከቱ። የተስተካከለ ሉፕ ትንሽ አልፎ ይመለሳል እንጂ ደጋግሞ አይወዛወዝም።

የቀኑ ፈረቃ ዘገየ ብሎ ካማረረና የፍሰት መለኪያ ካለ፣ ሁለቱን የቁጥር ጥንዶች አስቀምጠው መቆጣጠሪያው እንደ ፍሰቱ እንዲያቀያይር ያድርጉ። አንድ ጥንቃቄ ግን አይዘንጉ፦ የመለኪያው ሲግናል ሲቋረጥ መቆጣጠሪያው የግማሽ ፍሰቱን ቁጥሮች እንዲይዝ አድርገው ያዋቅሩት።